ቢጫ ወባ ሌላ፣ ወባ ሌላ

በዚህ ሳምንት ስለ ደቡብ አፍሪካ ጉዞ ልጽፍ ነው ብዬ ለልጄ ስነግራት፣ “ቆሼ ተቀምጠሽ ስለ ሳፋሪ?” ብላ እስክትደክም ሳቀችብኝ። ትሳቅ። ቆሼ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የቆሻሻው ተራራና መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎቻችንን የበላበት ቀን ነው። እኛም አንረሳውም። ግን ቆሼ የሚኖረው ሰው ልጁም፣ የወንድሙ ልጅም፣ የእህቱ ልጅም ጆሃንስበርግ ነው። የእኔን ጎዳና ብቻ ብትቆጥሩ ደቡብ አፍሪካ ልጅ ያላቸው አምስት ቤቶች አሉ። ሁለቱ ከሆሳዕና አካባቢ የመጡ፣ አንዱ ከምባታ፣ የቀሩት ጉራጌና አማራ ናቸው። ልጆቹ ሱቅ ከፈቱ፣ ትንሽ ቆሙ፣ አሁን ደግሞ “እማዬ ነይ፣ አባዬ ና” እያሉ ትኬት ይልካሉ። እናትና አባት ከሄዱ በኋላ ደግሞ ልጅ ሆዬ ዝም ብሎ ቤት አያስቀምጣቸውም፤ አንበሳና ዝሆን ሊያሳያቸው መኪና ያስነሣል። እንግዲህ ሳፋሪው እንዲህ ነው እኛ ሰፈር የሚገባው።

ከሁለት ሳምንት በፊት አንዲት ጎረቤቴ ቡና ጠርተውኝ ሄድኩ። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ እኔ እትዬ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ደግሞ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ሲስተር ይሉኛል። ልጃቸው ከሄደ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ያኔ በሞያሌ ወጥቶ፣ ኬንያንና ታንዛንያን አቋርጦ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ በኩል ነው የገባው፤ አራት ወር ፈጅቶበታል። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ በጭነት መኪና ኮንቴነር ታፍነው የሞቱ 64 ሰዎች ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባለ ቀን እትዬ፣ ልጃቸው ከገባ ዓመታት ቢያልፉም፣ እንደ አዲስ ለቅሶ ተቀምጠው ነበር። አሁን እሳቸው ያንን ሁሉ አገር በአምስት ሰዓት ተኩል በረራ ሊያልፉት ነው። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ይሄዳሉ።

ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ ሳለ ከቦርሳቸው አንዲት ቢጫ ካርድ አውጥተው ሰጡኝ። “ይኸው ሲስተር፣ የወባውን ክትባት ተከትቤአለሁ። ልጄ ክሩገር ፓርክ ወስዶ ሁለት ሌሊት ሊያሳድረኝ ነው ብሏል፤ አሁን እንግዲህ ቢምቢው እንዳሻው ይንከሰኝ” አሉ እየሳቁ።

ሲኒውን አስቀመጥኩት። ይህን ነገር ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁና።

ከሦስት ዓመት በፊት እንዲሁ አንድ ጎረቤታችን፣ የስድስት የልጅ ልጆች አያት፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲነሡ ያችኑ ቢጫ ካርድ ይዘው ደጄ መጥተው ነበር። ካርዷን ገልብጬ አየሁ። ማኅተም አለ፣ ቀን አለ፣ የክትባቱ ቁጥር አለ። “ተሟልቷል ጋሼ፣ በሰላም ይግቡ” ብዬ ሸኘኋቸው። ሠላሳ አራት ዓመት በነርስነት የሠራሁ ሰው፣ “እዚያ የት የት ነው የሚሄዱት?” የምትል አንዲት ጥያቄ አልጠየቅኩም። እሳቸው “ወባ” የሚለውን ቃል ካርዱ ላይ ሲሰሙ ለወባም የተከተቡ መስሏቸው ነበር። ታኅሣሥ ላይ፣ በዚያ አገር ዝናብ በሚዘንብበት ወቅት፣ ልጃቸው ክሩገር ወሰዳቸው። ኪኒን አልወሰዱም፤ ቅባትም አልተቀቡም። ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው የጅብ ድምፅ ሲያዳምጡ እንደነበር በኋላ ነው የነገሩኝ።

በተመለሱ በዘጠነኛው ቀን ብርድ ብርድ አላቸው፤ ከዚያ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ማስመለስ መጣ። አንድ ክሊኒክ ወሰዷቸው። ደም ተወሰደ፤ እኛ አገር እንደተለመደው “ታይፎይድና ታይፈስ” ተባለ፤ መርፌ ተጀመረ። አዲስ አበባ ላይ ወባ ስለሌለ ማንም ወባ አላሰበም፣ ማንም የት ነበሩ አላለም። እሳቸውም አላነሡም፤ ምክንያቱም በእሳቸው ሐሳብ ተከትበዋል። በአራተኛው ቀን ሌሊት ልጃቸው በሬን ስትደበድብ ተነሣሁ። ስደርስ ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል፣ የልጃቸውን ስም ተሳስተው በእናታቸው ስም ይጠሯታል። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ሆስፒታል በደረስን በግማሽ ሰዓት ውስጥ የደም ምርመራው ወባ፣ ያውም ፋልሲፓረም መሆኑን አሳየ። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ፣ አርቴሱኔት በደም ሥር ተሰጣቸው፣ ኩላሊታቸው ስለተጎዳ ለጥቂት ጊዜ እጥበት አስፈለጋቸው። ተርፈዋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን መንገድ ላይ ሳገኛቸው እስከ ዛሬ ዓይናቸውን ቀና ብዬ ማየት ይከብደኛል። እሳቸው “አንቺ ነሽ ያተረፍሽኝ” ይሉኛል። እኔ ደግሞ ካርዷን ነው የማስታውሰው።

ስለዚህ አባቶችና እናቶች፣ ስሙን እንለይ። ቢጫ ወባ በአማርኛ ወባ ስለተባለ ብቻ ወባ አይደለም። ቢጫ ወባ በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ነው፤ የሚያስተላልፈው የትንኝ ዓይነትም ሌላ ነው፤ ያኛው ትንኝ በአብዛኛው ቀን ይናከሳል። የእኛ የምናውቃት ወባ ደግሞ በጥገኛ ተህዋስ የምትመጣ፣ ከምሽት እስከ ንጋት በምትናከስ ትንኝ የምትተላለፍ ናት። ለቢጫ ወባ የተከተበ ሰው ለወባ ምንም መከላከያ የለውም። ምንም።

ደቡብ አፍሪካ ክትባቱን የምትጠይቀን እኛን ለመጠበቅ ብላ አይደለም። እሷ ዘንድ ቢጫ ወባ የለም፤ ከእኛ እንዳይገባባት ነው። እኛ አገር ግን አለ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ፣ በኦሞ ሸለቆ የተነሣው ወረርሽኝ 30 ሺህ ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። ሩቅ ዘመን ነው ካላችሁ፣ በ2012 ዓ.ም. ጉራጌ ዞን ውስጥም ተከስቶ ነበር። እንግዲህ ካርዱ ከሌላችሁ አየር ማረፊያው ላይ ሊመልሷችሁ ይችላሉ። ክትባቱን ከበረራው ቢያንስ አሥር ቀን ቀድማችሁ ውሰዱ፤ ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከአሥር ቀን በኋላ ነውና። ከዚህ በፊት የተከተባችሁ ከሆነ ድጋሚ አያስፈልግም። ድሮ በየአሥር ዓመቱ ይታደስ ነበር፤ ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ደንብ መሠረት ለዕድሜ ልክ ነው። የቆየች ካርድ ሳጥን ውስጥ ያለቻችሁ ፈልጉ።

እዚህ ላይ ለአያቶች አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእናንተ ነው በተለይ። የቢጫ ወባ ክትባት የተዳከመ ግን ሕይወት ያለው ቫይረስ ነው። ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ ሰው ከባድ የጎንዮሽ ችግር የመግጠም ዕድሉ ከወጣቱ ከፍ ይላል። ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ግን ይደርሳል። የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ፣ ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ የሚወስድ፣ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ፣ ለእንቁላል ከባድ አለርጂ ያለበት ሰው ዝም ብሎ ክንዱን መስጠት የለበትም። እንዲህ ያለ ነገር ካለባችሁ ለሐኪም ንገሩ። መከተብ የማይችሉ መሆናቸውን የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ በዓለም አቀፍ ደንቡ የታወቀ ነገር ነው፤ ብቻ የምትሄዱበት አገር ይቀበለው እንደሆነ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ከኤምባሲው ጠይቁ። እትዬን ይህን ስጠይቃቸው የደም ግፊት እንጂ ሌላ እንደሌለባቸው፣ ከተከተቡም ሦስት ሳምንት እንዳለፋቸው ነገሩኝ። ደህና ናቸው። ወረፋው ላይ ግን ማንም ይህን አልጠየቃቸውም።

አሁን ወደ ወባዋ። እኛ የቆሼ ሰዎች በነፍሳት አንደነግጥም። ዝንብ አሳድጎናል። ማታ ቢምቢ ጆሯችን ሥር ሲያፏጭ በነጠላ ጫፍ እፍ ብለን እንተኛለን፤ ምክንያቱም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር ከፍ ብለን ስለምንኖር የወባ ትንኝ እዚህ አትመችም። ይህ ድፍረታችን ነው ቆላ ስንወርድ የሚያስበላን። ጆሃንስበርግም እንደ እኛ ደጋ ነው፤ 1 ሺህ 700 ሜትር አልፏል፣ ወባ የለበትም። ልጃችሁ ጋ ተቀምጣችሁ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ብቻ ደርሳችሁ ከተመለሳችሁ ስለ ወባ አትጨነቁ። ክሩገር ግን ከሞዛምቢክ ድንበር ጎን የተዘረጋ ቆላ ነው፤ ወደ 19 ሺህ 500 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ እ.ኤ.አ. በ1926 የተከለለ ትልቅ ፓርክ። አዋሽን ወይም ጋምቤላን አስቡት። እዚያ ያለችው ወባ ደግሞ በአብዛኛው ያችው ነፍሰ ገዳይዋ ፋልሲፓረም ናት።

“እኔ ልጅ ሆኜ ወባ ይዞኝ ያውቃል፣ ደሜ ለምዶታል” የሚሉ አሉ። ጋሼም እንዲህ ይሉ ነበር። ደም አይለምድም፤ ቆላ እየኖሩ ደጋግሞ የያዘው ሰው የሚኖረው ትንሽ መከላከያም ደጋ ወጥቶ ጥቂት ዓመት ሲኖር ይጠፋል።

ወቅቱን ምረጡ። የእነሱ ወቅት የእኛ ግልባጭ ነው። እኛ ክረምት ስንገባ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ እነሱ ዘንድ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው። ሣሩ ስለሚደርቅ አውሬውም ውኃ ፍለጋ ስለሚሰበሰብ በደንብ ይታያል፤ ትንኟም ትቀንሳለች። የእኛ ልጆች ትምህርት የሚዘጋውም ያኔ ነው፤ ይህ ከተገኘ ምን ይፈለጋል? ከመስከረም እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ግን የወባው አደጋ ከፍ ይላል፤ በዚያ ወቅት የሚሄድ ሰው የመከላከያ ኪኒን እንዲወስድ ይመከራል። ኪኒኑ የተለያየ ነው። ዶክሲሳይክሊን አለ፤ ከመግባት አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀድሞ ተጀምሮ፣ በየቀኑ ተወስዶ፣ ከወጡ በኋላም አራት ሳምንት ይቀጥላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያቋርጠው፤ ቤቴ ገባሁ ብሎ። ለነፍሰ ጡርና ከስምንት ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሆንም። በብዙ ውኃ፣ ተቀምጣችሁ ዋጡት፤ ውጣችሁ ወዲያው ከተኛችሁ ጉሮሮ ያቃጥላል። ሌላው ማላሮን በሚል ስም የሚታወቀው ነው፤ ከወጡ በኋላ ሰባት ቀን ብቻ ይበቃል፣ ዋጋው ግን ይከብዳል። የትኛው ከምትወስዱት የግፊት፣ የስኳር ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ጋር እንደሚስማማ ሐኪም ይወስን፤ ከጎረቤት ተቀብላችሁ አትዋጡ። በደረቁ ወቅት ትንኟን መከላከል ብቻ ሊበቃ ይችላል፤ ይህንንም ቢሆን ሐኪሙ ይበላችሁ።

ኪኒን ተዋጠም አልተዋጠ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ረጅም እጅጌ፣ ካልሲ፣ በተገለጠው ገላ ላይ ዲት የተባለው ንጥረ ነገር ያለበት ቅባት፣ ሌሊት አጎበር ወይም ወንፊት ያለው መስኮት ያስፈልጋል።

ነፍሰ ጡር ምራት፣ ትንንሽ የልጅ ልጅ አብሮ የሚሄድ ከሆነ ግን የእኔ ምክር አጭር ነው፤ ክሩገርን ተዉት። ከጆሃንስበርግ በመኪና ሦስት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ የሚደረስበት ፒላንስበርግ የሚባል ፓርክ አለ። ወባ የለበትም። ከጥንት በጠፋ እሳተ ገሞራ ውስጥ የተቀመጠ ነው፤ አንበሳውም፣ ዝሆኑም፣ ጎሹም፣ አውራሪሱም፣ ነብሩም አለ። ክሩገር ለመድረስ አራት አምስት ሰዓት መንዳት አለ፣ መመለሻም እንዲሁ። ልጅ አንበሳውን ካየ አንበሳው የየት ፓርክ እንደሆነ አይጠይቅም። ይህንኑ ለእትዬ ነግሬያቸው ልጃቸው ጋ ደወልን፤ “ማደሪያውን ከፍያለሁ ሲስተር፣ አይመለስም” አለኝ። እሺ፣ ወቅቱ ሐምሌ ስለሆነ አልተከራከርኩም።

የጉብኝቱ ቀን ራሱ ለአንድ አዛውንት ምን ይመስላል? ይህን ማንም አይነግራችሁም፣ ስለዚህ ልንገራችሁ። እኔ ራሴ ከጡረታ በኋላ እህቴን ልጠይቅ ሄጄ አይቼዋለሁ። ጠዋት ገና ሳይነጋ ትነሣላችሁ። ሐምሌ ላይ በተገለጠ መኪና ከሄዳችሁ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ የእንጦጦ ጠዋት በሉት፣ ላዩ ላይ ነፋስ ጨምሩበት። ጋቢ ያዙ። እኔ ጋቢዬን ይዤ ነበር፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ፈረንጅ ዳርና ዳሩን ስታይ ቆይታ በመጨረሻ እግሯን ከሥሩ ከተተች። የተገለጠው መኪና ደግሞ ከፍ ያለ ነው፣ በመሰላል ይወጣል፤ ጉልበት ወይም ዳሌ የሚያማችሁ ከሆነ በልጃችሁ መኪና ዝቅ ብላችሁ መሄዱ ይሻላል።

ከዚያ ሽንት አለ። ያፍራል ሰው እንጂ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ፓርኩ ውስጥ ከተፈቀደ ማረፊያ በስተቀር ከመኪና መውረድ ክልክል ነው፤ ቁጥቋጦ ጥግ ልበል የሚባል ነገር የለም፣ ቁጥቋጦው ባለቤት አለው። በፓርኩ ውስጥ በአስፋልት ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ በጠጠር መንገድ ከ40 በላይ አይነዳም፤ ስለዚህ ከአንዱ ማረፊያ እስከ ሌላው ሁለት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ለግፊት ወይም ለልብ የሚያሸና ኪኒን ጠዋት የምትወስዱ ሰዎች በዚያ ቀን ሰዓቱን ወደ ከሰዓት ማዛወር ይቻል እንደሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ። በራሳችሁ አትተዉት። “ሽንት እንዳይመጣብኝ” ብላችሁ ውኃ መጠጣት ማቆም ደግሞ የባሰ ነው፤ ራስ ያዞራል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ የስኳር ሕመምተኛን ይጥላል። በየማረፊያው ባትፈልጉም ግቡ።

ማረፊያዎቹ ላይ ጦጣና ዝንጀሮ ከእጃችሁ ምግብ ይነጥቃሉ። የልጅ ልጅ ሙዝ ይዞ እንዳይወርድ። ከነከሱ ወይም ከቧጨሩ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ አሥራ አምስት ደቂቃ አጥባችሁ ወዲያው ሐኪም ጋ ሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ የውሻ ብቻ አይደለም። ሣር ውስጥ ከተራመዳችሁ ማታ ገላችሁን ለመዥገር ፈትሹ። ወንዝና ኩሬ ውስጥ እግር መንከርም ይቅር፤ ቢልሃርዚያ አለ፣ ጉማሬና አዞም አለ።

የሻንጣውን ነገር ባጭሩ። መድኃኒት ሁሉ በእጅ ቦርሳ፣ በራሱ ማሸጊያ፣ ከሐኪም ወረቀት ጋር፣ ከምትቆዩበት ቀን በሁለት ሳምንት በልጦ ይያዝ። እኔ የግፊት ኪኒኔን በትልቁ ሻንጣ ከትቼ ሻንጣው ከእኔ ሦስት ቀን ዘግይቶ ደረሰ፤ ነርስ ነኝ ብዬ ለእህቴ መናገር አፍሬ ነበር። ኢንሱሊን ደግሞ በትልቁ ሻንጣ ሊበርድና ሊበላሽ ይችላል። ማር፣ ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ አትውሰዱ፤ ያለ ፈቃድ አያስገቡም፣ ሲያገኙት ይጥሉታል። እናት ልጇ ጋ ባዶ እጇን መሄድ እንደሚከብዳት አውቃለሁ። ጆሃንስበርግ ጄፒ የሚባለው የእኛ ሰዎች ሰፈር እንጀራውም በርበሬውም አለ፤ ልጃችሁ የናፈቀው የእናንተን እጅ ነው፣ እዚያው ሠርታችሁ አብሉት። “ይህችን ለእገሌ አድርሽልኝ” የሚል የታሸገ ዕቃ ከማንም አትቀበሉ፤ ከፍታችሁ ያላያችሁት ነገር በእናንተ ስም ነው የሚሄደው። አውሮፕላኑ ውስጥ በየሰዓቱ ተነሥታችሁ ተራመዱ፣ ቁርጭምጭሚታችሁን አንቀሳቅሱ፤ ለረጅም ሰዓት መቀመጥ የእግር ደም ያረጋል።

እዚያ መኪና በግራ በኩል ነው የሚነዳው። ከዚህ በላይ አዛውንት የሚጥል ነገር አላየሁም። መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ የምታዩት ቀኝ ነው። ወርቅ አውልቃችሁ እዚህ ትታችሁ ሂዱ፤ በውጭ ዜጎች ላይ የተነሣውን ሁከት፣ የ2008ቱንም የ2015ቱንም የ2019ኙንም እ.ኤ.አ.፣ ልጆቻችሁ አሳልፈውታል፤ “ዛሬ አትውጪ” ካሉ አትውጡ፣ አትከራከሩ። ሰዓቱ ከእኛ በአንድ ሰዓት ይዘገያል፤ ደግሞ የሚቆጥሩት እንደ ፈረንጅ ነው። የፓርኩ በር “ስድስት ላይ ይዘጋል” ከተባለ በእኛ አቆጣጠር ምሽት 12 ሰዓት ነው፣ ቀትር አይደለም። ከሞባይል 112 ብትደውሉ አምቡላንስ ይገኛል። የግል ሆስፒታሎች ግን ገንዘብ ወይም ዋስትና ስለሚጠይቁ የጉዞ ኢንሹራንስ ሳትገዙ አትነሡ።

ከተመለሳችሁ በኋላ ያለው ጊዜ ከሁሉም ይበልጥብኛል። የወባ አገር ከገባችሁ ከሳምንት በኋላ ጀምሮ፣ ከወጣችሁም እስከ ሦስት ወር ድረስ የሚመጣ ትኩሳት ሁሉ፣ ሌላ ነገር መሆኑ እስኪረጋገጥ፣ ወባ ነው። ኪኒን ወስዳችሁም ቢሆን። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም እናንተ ተናገሩ፤ አልጋው ላይ ከመተኛታችሁ በፊት፣ ስማችሁን ከነገራችሁ ቀጥሎ፣ “ደቡብ አፍሪካ ቆላ ሄጄ ነበር፣ የወባ ምርመራ እፈልጋለሁ” በሉ። ፈጣኑ ምርመራ ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም። የለም ቢባልና ትኩሳቱ ቢቀጥል በማግሥቱ ይደገም። ለቤተሰብም እላለሁ፤ የታመመ ሰው ይዘባርቃል፣ ይረሳል፣ ስለዚህ እናንተ ልጆች የት እንደነበሩ እወቁላቸው።

እትዬ ማንበብ አይወዱም፣ መነጽራቸውንም ይጥሉታል። ስለዚህ ትናንት በወፍራም ወረቀት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩላቸው፤ “ሐምሌ ላይ ክሩገር ነበርኩ። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ትኩሳት ካለኝ ወባ ይታይልኝ። የወሰድኩት ክትባት የቢጫ ወባ ብቻ ነው።” አንዱን ቅጂ ከቢጫዋ ካርድ ጋር በስቴፕለር አያያዝኩት። ሁለተኛውን ፍሪጃቸው ላይ ለጠፍኩት። ሦስተኛውን ይዤ ወደ ጋሼ ቤት ሄድኩና፣ እንዲያነቡትና የጎደለ ካለ እንዲነግሩኝ ጠየቅኋቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት። “ልጅሽ ስልክ ቁጥሯን ትጻፍበት፣ እኔ ያኔ መናገር አቅቶኝ ነበር” አሉኝ። ጻፍንበት።